ውኃ የማትጠጣው መኪና

መቅደላዊት መኪና ሥር ገብታ የተኛች ዕለት ሰፈሩ ሥራ ፈታ። ጎንደር ውስጥ ከቀሐ ወንዝ አፋፍ ላይ ባለው በዚያ የካህናት ሰፈር የመሪጌታ ልጅ ዲያቆን ታገባለች፣ ማኅበር ትጠጣለች፣ ቢበዛ ቢሮ ተቀጥራ ጽሕፈት ትሠራለች እንጂ ሱሪ ታጥቃ፣ በጀርባዋ መሬት ላይ ተዘርራ፣ ሁለት እግሯን ለአላፊ አግዳሚው አትተውም። ጎረቤቷ እትዬ ይመኙሽ በአጥሩ ቀዳዳ አይታ፣ "ኧረ ኡኡ! ማኪናው ዳጣት!" ብላ ጮኸች። ከሥር "ደህና ነኝ እትዬ፣ ዘይት እየቀየርኩ ነው" የሚል ድምፅ ሲመጣ ግን ድንጋጤዋ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ምሳ ሳይደርስ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው።

መቅደላዊት ወሬውን ከቁብ አልቆጠረችውም። ያስጨነቃት የአባቷ ዝምታ ነው። መሪጌታ ሐብተ ማርያም እዚያው ግቢ ውስጥ ድጓ የሚያስተምሩ፣ ተማሪ አንዲት ዜማ ቢሰብር ከእንቅልፋቸው ባንነው የሚያርሙ ሰው ናቸው። ልጃቸው መኪና ሥር ተኝታ ሲያዩ ግን መቋሚያቸውን ተመርኩዘው፣ ያመማቸውን ጉልበት እየጎተቱ፣ አልፈው ይሄዳሉ። አይቆጡም፣ አይጠይቁም። በርቺም ተይም አይሉም። ማንንም ሳያርሙ የማያልፉ ሰው እሷን ሳያርሙ ካለፉ፣ አፍረውብኛል ማለት ነው ብላ ደመደመች። ይህም እንደ እሾኽ ውስጧ ተሰክቶ ቀረ።

መኪናዋ የአጎቷ የየሻው ነበረች። ወደ ሳንጃ የሰሊጥ ነጋዴ ሲያመላልስ የኖረባት፣ በዕድሜ መቅደላዊትን የምትበልጥ ላንድክሩዘር ናት። ቀለሟ ነጭ ነበር ይባላል። የሾፌሩ በር አንዴ ተወርውሮ አይዘጋም፤ ከፈት አድርገው እንደገና መድገም አለባቸው። የሻው ዓይኑ ሲደክምበት፣ "አንች ከልጅነትሽ ጀምሮ ጋቢና ካልተቀመጥኩ ብለሽ የምታለቅሽ ነሽ፤ በይ ውሰጃት" ብሎ በክረምቱ መግቢያ ቁልፏን ሰጣት። መቅደላዊት መንጃ ፈቃድ አላት። ስለ ሞተር ግን የምታውቀው ኮፈን ሥር እንደሚገኝ ብቻ ነበር።

መኪናዋን ለምን እንደፈለገቻት ግን በደንብ ታውቃለች። አባቷ ተወልደው ያደጉት ከዳባት ወዲያ፣ ተራራ ጫፍ ላይ ካለች አንዲት የማርያም ደብር ሥር ነው። እናታቸውም፣ ድጓ ያስተማሯቸው መምህርም የተቀበሩት እዚያው ነው። በየዓመቱ ለአስተርእዮ ማርያም ከጎንደር በእግርም በበቅሎም እየሄዱ ማኅሌት ይቆሙ ነበር። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ግን ቀሩ። ሚኒባስ ቢገኝ የሚያደርሰው ዳባት ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት በቅሎም መርገጫ አማርጣ ነው የምትወጣው። እሳቸው ደግሞ በዚያ ጉልበት በቅሎ ላይ መቀመጥ አይችሉም። አምና በበዓሉ ዕለት ደጅ ተቀምጠው ወደ ሰሜን ሲያዩ ውለው፣ ሲመሻሽ፣ "የሚመጣው ጥርም ካለፈኝ፣ ከእንግዲህ ያችን ደብር በዓይኔ የማያት አይመስለኝም" አሉ። ለመቅደላዊት ሳይሆን ለመቋሚያቸው የነገሩት ይመስል ነበር። እሷ ግን ሰማች፤ ሰምታም አልረሳችም። መኪናዋ እጇ ስትገባ፣ ለሚመጣው ጥር አባቴን ራሴ አወጣቸዋለሁ ብላ ቆረጠች። እሺ ይሉ እንደሆነ ግን አልጠየቀቻቸውም። እምቢ ይሉኛል ብላ ፈራች።

አስተማሪዋ አያ ማሩ አዘዞ ጋራዥ ያለው፣ ድምፁ ከሞተር የሚበልጥ፣ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም እኩል ደረቱን ነፍቶ የሚናገር ሰው ነው። መጀመሪያ ያያት ቀን ሳቀ። "የየኔታ ልጅ! ምነው፣ ድጓው አልገባሽ ብሎ ነው?" አላት። ቢስቅም አልመለሳትም። እየተሳደበ አስተማራት፣ እሷም እየሳቀች ተማረች። የዘይት መድፊያውን ቡሎን ሳታጠብቅ አዲስ ዘይት ሞልታ የጋራዡን ወለል አጠበችው። ክሪኩን ለስላሳ አፈር ላይ አቁማ መኪናዋ ወደ ፊት ድፍት ስትል አያ ማሩ ራሱን ይዞ፣ "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰግዶ የማያውቅ ማኪና ዛሬ አሰገድሽው!" ብሎ ጮኸ።

መቅደላዊት ትምህርት የሚገባት በጆሮዋ ነው። ያደገችው ተማሪ ሲቀጽል እየሰማች ነውና፣ አያ ማሩ በየማለዳው ማየት ያለብሽ ብሎ የነገራትን፣ "ዘይት፣ ውኃ፣ ጎማ፣ ቺንጋ" እያለች ስትደጋግመው ሳታስበው ዜማ አወጣችለት። አንድ ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትለው፣ ከውስጥ አባቷ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰምታ በአፍረት ዝም አለች።

በጥቅምት አንድ ማለዳ ኮፈኑን ከፍታ፣ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዛ ስትፈታ፣ መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሙ።

"ይኸ ውኃ ለምኗ ነው?"

"ሞተሯ እንዳይግል ነው አባባ። ሲጎድልባት ትፈላለች፣ ከባሰም መንገድ ላይ ታስቀራለች።"

"ውኃው በየቀኑ ይጎድላል?"

"ትንሽ ታንጠባጥባለች። በየቀኑ ማየት ነው።"

"እህ" አሉና ሄዱ። መቅደላዊት ሌላ ቃል ይጨምራሉ ብላ ጠብቃ ነበር። አልጨመሩም።

ከዚያ ወዲህ አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። ማለዳ ክዳኑን በከፈተች ቁጥር ውኃውን እስከ አፉ ሞልቶ ታገኘዋለች። አያ ማሩ ከታች በኩል አንደኛው ቱቦ ያልበዋል፣ እየጨመርሽ ብሏት ነበር፤ እሷ ግን የምትጨምርበት ቦታ አጣች። ጀማሪ መቼም በትንሹም በትልቁም ይኮራልና ጋራዥ ሄዳ ጉራዋን ነዛች። "አያ ማሩ፣ የእኔ መኪና ውኃ አትጠጣም!"

"ጾመኛ ሆና ነዋ! የማን ቤት እያደረች!" አለ አያ ማሩ፣ ጋራዡ እስኪናጋ እየሳቀ።

ከዳባት ወዲያ ያለው መንገድ ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ መኪናዋ ከፍ ማለት ነበረባት። አካሏን የሚሸከመው ባሌስትራዋ ላይ ተጨማሪ ብረት ገባበት። አያ ማሩ ቁልፍ እያቀበለ ይጮኻል፣ ፈታታ የገጠመችው ግን መቅደላዊት ናት። ሲያልቅ ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየቻት። አሮጊቷ መኪና ቀሚሷን ሰብስባ ወንዝ ልትሻገር የተዘጋጀች ትመስላለች። መቅደላዊት ደስ አላት። ወዲያው ግን በሩን ከፈተችና ክው አለች፤ ወንበሩ ደረቷ ጋ ደርሷል። ያ ጉልበት እዚህ ላይ እንዴት ሊወጣ ነው?

አሰበች፣ አሰበች፣ በመጨረሻ ከበሩ ሥር የሚዘረጋና የሚታጠፍ ዝቅ ያለ የብረት መወጣጫ፣ ከበሩ ጎን ደግሞ የእጅ መያዣ ነድፋ አመጣች። አያ ማሩ የነደፈችውን አገላብጦ አየና፣ "ሰው ማኪናውን ከፍ አድርጎ፣ መልሶ ደረጃ ይሠራለታል?" አለ።

"አባቴ ናቸው የሚወጡበት።"

ከዚህ በኋላ አያ ማሩ አልሳቀም። መበየጃውን አምጥቶ ይዞ ያሳያት ጀመር። የመጀመሪያ ብየዳዋ የተጎረበጠና መልከ ጥፉ ነበር፤ አያ ማሩ ራሱ ቆሞበት ሲዘልበት ግን ንቅንቅ አላለም።

የገና በዓል እንዳለፈ ለሙከራ ወደ ኮሶዬ ዳገት ወጣች። ዳገቱ ሳይጋመስ የሙቀት መለኪያው ቀስት ሽቅብ ወጣ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። መንገድ ዳር ቆማ እስኪበርድ ጠበቀች፤ በመጣችበት ተመለሰች። አያ ማሩ ጆሮውን ደገነና "የውኃ ፓምፑ ነው፣ ስሜን ቀይሪው" አለ። ስሙን ሳይሆን ፓምፑን ቀየሩ። እንደገና ወጣች፣ እንደገና ፈላች። አያ ማሩ አሁንም አላመነታም። "እንግዲያው ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ ነው። ሞተሩን መክፈት ነው።"

"መቼ ያልቃል?"

"ዕቃው ከአዲስ አበባ ይመጣል። ከጥር ማርያም በኋላ እንጂ ከዚያ በፊትስ አይሆንም።"

መቅደላዊት ወደ መኪናዋ ዞረች። በየቀኑ ስትሰማው የከረመችው የሞተር ድምፅ ጤነኛ ነው፤ አይንተፋተፍም፣ አይታፈንም። "አያ ማሩ፣ ሞተሯ ምንም አልሆነም። በማርያም፣ መጀመሪያ ራዲያተሩን እንክፈተው" አለች። አያ ማሩ "ውኃ አትጠጣም ያልሽው አንች አይደለሽም?" አለና አፏን ለመዝጋት ያህል ራዲያተሩን አወረደው። የላይኛውን ቆርቆሮ በእሳት ፈትቶ ሲያነሣው ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ውኃ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አፋቸው በነጭ ድንጋይ ተደፍኗል።

"ምንድን ነው የምታጠጫት? ኖራ ነው?" አለ አያ ማሩ። "ይኸ እኮ የቧንቧ ውኃ የሚሠራው አይደለም።"

መቅደላዊት በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አድርጋ ነጩን ነገር ወደ ብርሃን አወጣችው። ታውቀዋለች። ቤታቸው ባለው የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይኸው ነጭ ቅርፊት አለ። አባቷ ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ከምትፈልቀው ጸበል በየማለዳው ይዘው እየመጡ፣ ከዚያው እያፈሉ ስለሚጠጡ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሁልጊዜ ሞልቶ የምታገኘው ውኃ ትዝ አላት። "ውኃው በየቀኑ ይጎድላል?" ያሏት ትዝ አላት። ጎማ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች።

"አይዞሽ፣ ይታጠባል እኮ፤ በሁለት ቀን እመልስልሻለሁ። ምነው አሁን ይኸ ያስለቅሳል?" አለ አያ ማሩ ግራ ገብቶት። ለምን እንዳለቀሰች አልነገረችውም። አባቷ ዝም አላሏትም ነበር። እሷ ተኝታ ሳለ፣ በየማለዳው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ መኪናዋን ጸበል ሲያጠጡ ከርመዋል።

ራዲያተሩ ታጥቦ በተገጠመ ማግሥት፣ ጎሕ ሲቀድ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው። ኪዳን አድርሰው፣ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው መጡ። መቋሚያቸውን ጎማው ላይ አስደገፉ። ጨርቁን ከምታስቀምጥበት ስርጉጥ አወጡ፤ ቦታውን ያውቁታል። መኪናዋ ከፍ ስላለች ድንጋይ አንከባለው አመጡና በደህናው እግራቸው ወጡበት፤ የታመመውን እያቃሰቱ አስከተሉ። መቅደላዊት ከዚህ በላይ ማየት አልቻለችም።

"አባባ፣ ይቆዩ! እንዳያፈሱት!"

መሪጌታ ጀሪካኑን እንደያዙ ቀሩ። "ነቃሽ እንዴ?"

"በየቀኑ የሚሞሏት እርስዎ ነዎት?"

"አንድ ቀን አጉድዬባት አላውቅም" አሉ ኮራ ብለው።

ማታ ስታስብ፣ እውነቱን ደብቄ፣ ሞልቷል፣ ከዚህ በላይ አይዝም ብዬ አልፈዋለሁ ብላ ነበር። ፊታቸውን ስታይ ውሸቱ ከአፏ አልወጣ አለ። "አባባ፣ ጸበሉ ሲሞቅ ድንጋይ ይሠራል። እንደ ማንቆርቆሪያችን። መኪናዋ ውስጥም ደነደነና ውኃው ማለፊያ አጣ። ኮሶዬ ላይ ያቆመኝ እሱ ነው።"

መሪጌታ ከድንጋዩ ቀስ ብለው ወረዱ። የያዙትን ጀሪካን አዩት። "እኔ ነኛ ያቆምኳት" አሉ በመጨረሻ።

"ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? ዜማ ቢሆን አርምሽ ነበር። የማላውቀውን ምን ብዬ ነው የማርመው? ያ ሁሉ ብረት ከላይሽ ሆኖ አንች ከሥሩ ስትተኝ እኔ ልቤ ይቆማል። ማየት ስለማልችል አልፌ እሄዳለሁ። እኔ ያለኝ ጸበል ነው፣ እሱን አመጣሁ።"

"እኔ እኮ አፍረውብኝ መስሎኝ ነበር" አለች መቅደላዊት፣ እንባዋ ቀደማት።

"ማን? እኔ?" መሪጌታ ከልባቸው ደነገጡ። "ይች ይመኙሽ ናት እንዲህ ያለችሽ?"

እያለቀሰች ሳቀች። እሳቸው ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡና እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "በይ እንግዲህ፣ የሚሆናት ውኃ የቱ ነው? አሳይኝ።"

አሳየቻቸው። በክረምት ያጠራቀሙትን የዝናብ ውኃ አወጣች፣ ክዳኑ ሞተሩ ሲበርድ ብቻ እንደሚከፈት፣ ውኃው የት ድረስ እንደሚደርስ ነገረቻቸው። መሪጌታ ቃል በቃል መልሰው አሉት። አንድ ቦታ ሲስቱ አቃናቻቸው። ከዚያ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ቤት መንገድ ከጀመሩ በኋላ ዘወር ብለው መወጣጫውን አዩ። "በዋዜማው በጠዋት እንነሣ። ማኅሌቱ እንዳያልፈኝ።"

መቅደላዊት ጥያቄዋን ሳትጠይቅ መልሱ መጣ።

በዋዜማው ሲነሡ መሪጌታ መወጣጫውን በመቋሚያቸው መታ መታ አድርገው ሞከሩት፣ መያዣውን ጨበጡና ወጡ። ስለ ብየዳው ምንም አላሉም። ከከተማ እንደወጡ ግን መቅደላዊት ያላሰበችው ነገር ገጠማት። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ሲታይ፣ "አቁሚ፣ ልውረድ" አሉ።

"እዚሁ ሆነው ይሳለሙ አባባ፣ ጉልበትዎን።"

"ከበቅሎ እየወረድኩ ስሳለም ኖሬ፣ ዛሬ ጎማ ላይ ነኝ ብዬ ተቀምጬ ልለፍ?"

ወረዱ፣ ተሳለሙ፣ ወጡ። ከጎንደር እስከ ዳባት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ጉብታ የለም። መወጣጫው ተዘረጋ፣ ታጠፈ፣ እንደገና ተዘረጋ። ኮሶዬ ላይም ቆሙ፣ አምባ ጊዮርጊስም ቆሙ። መቅደላዊት መጀመሪያ በሆዷ ተበሳጨች፤ በኋላ ቀስቱን ስታይ መኪናዋም በየቆሙበት ዕረፍት እያገኘች እንደሆነ ገባት። በዚህ ዓይነት የመንገዱን ዳገት ያለ እንፋሎት ጨረሱት።

ከዳባት ተገንጥለው ጥርጊያውን ሲይዙ ጭንቁ መጣ። ድንጋዩ ያነጥራል፣ በግራ በኩል ገደል ነው። መቅደላዊት መሪውን በሁለት እጇ አንቃ፣ አንድ ዓይኗን መንገዱ ላይ፣ አንዱን ቀስቱ ላይ አድርጋ ወጣች። ቀስቱ ከመካከል ትንሽ ከፍ አለና ቆመ። እሷ እሱን ስታይ ሞተሩ ማቃሰት መጀመሩን አልሰማችም። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው ኖሮ በመቋሚያቸው ወለሉን መቱ።

"ሰበረች! ድምፅዋ ወረደ፣ አንሽው!"

መቅደላዊት ደንግጣ ማርሽ ቀነሰች። ሞተሩ ጉሮሮውን እንደጠረገ ሰው ቀና አለና መኪናዋ ዳገቱን ያዘችው። ከሱሪ እስከ ብየዳ ሲያልፏት የከረሙት አባቷ አረሟት። ገደሉ አጠገብ ሆና፣ መንገዱ በእንባ እየደበዘዘባት፣ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች።

ደብሯ ስትታይ መሪጌታ ወረዱ፤ የቀረውን በእግሬ ነው የምሄደው አሉ። መቅደላዊት መኪናዋን አቁማ ደገፈቻቸው። አንድ ሽማግሌ ቄስ ሊቀበሏቸው ወጥተው መኪናዋን እያዩ፣ "ሹፌሩ የት ሄደ? ምሳ ይብላ እንጂ" አሉ።

"ሹፌሯም ሐኪሟም ይችው ልጄ ናት" አሉ መሪጌታ፣ እጇን ሳይለቁ።

ማኅሌቱን ቆሙ። በበዓሉ ዕለት መቃብሮቹ ዘንድ ሄደው ብቻቸውን ቆዩ፤ ሲመለሱ ፊታቸው ቀሎ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ሳለ፣ መቅደላዊት ለመንገድ ልትዘጋጅ ስትወጣ ኮፈኑን ተከፍቶ አገኘችው። መሪጌታ በጣሳ ውኃ ይዘው ከጎኑ ቆመዋል። ክዳኑን በጨርቁ ፈትተውታል፣ ውኃው ጎድሏል፣ እሳቸው ግን አላፈሰሱም።

"ካደርንበት ቤት ጎተራ ሥር ካለችው ምንጭ የቀዳሁት ነው" አሉ። "አላውቀውም። ቅመሽና ንገሪኝ፤ ይሆናታል?"

ጣሳውን አቀበሏት። ከዚያም መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ ተማሪዎቻቸው እሳቸው ፊት እንደሚቆሙት ቆሙ። መቅደላዊት ቀመሰችው። ጥርስ የሚያደነዝዝ፣ ምንም የሌለበት ለስላሳ ውኃ ነው።

"ይሆናል አባባ" አለች። "ያፍስሱት።"

መሪጌታ ቀና አሉ። ጣሳውን ተቀብለው፣ አንድ ጠብታ ሳይፈስ፣ ባሳየቻቸው ልክ ሞሉት።